ሳትጠይቁን ስለተገዙት 28 ጊታሮች

ይድረስ፦ ለማኅበረሰብ ማዕከላችን የሙዚቃ ትምህርት ኮሚቴ
ግልባጭ፦ ልጆቻችሁን በየቅዳሜው ለምትልኩ ወላጆች፣ እንዲሁም በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የሙዚቃ መሣሪያ ለምትገዙ ወገኖች

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአካባቢያችን ባሉ ትናንሽ የጊታር ሱቆች ውስጥ መሣሪያ በመጠገንና በማስተማር የምንተዳደር አምስት ኢትዮጵያውያንን ወክዬ ነው። የማዕከሉን ስም ያልጠቀስኩት ሆን ብዬ ነው። የሚመለከተው ራሱን ያውቃል፤ የማይመለከተውም ነገ ተመሳሳይ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ቢያነበው አይጎዳም። የገዛችሁበትን ባለብዙ ቅርንጫፍ መደብር ስምም አልጠራም። እሱ ሥራው መሸጥ ነው፣ ሸጠ። ቅሬታችን በእናንተ ላይ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ማዕከሉ የቅዳሜ የጊታር ክፍል ከከፈተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ጊታሮቹ ይመጡ የነበረው እኔ ከምሠራበት ሱቅ ነው፤ በኪራይ፣ ለአንድ ልጅ በወር 10 ዶላር። ክር ሲበጠስ እኛ እንቀይር ነበር። ልጁ ሲያድግ ትንሹን መልሶ ተለቅ ያለውን ይወስዳል። ባለፈው ነሐሴ ኮሚቴው ተሰበሰበና ኪራዩን አቋረጠ፤ ከእራት ግብዣው በተገኘው ገንዘብም 28 ጊታር ከትልቁ መደብር አዘዘ። አንዱ ጊታር 129 ዶላር፣ በላዩ ላይ ለእያንዳንዱ 20 ዶላር የተጨማሪ ዋስትና ክፍያ። ስድስት ዓመት ሙሉ እነዚያን ጊታሮች በገዛ መኪናዬ ጭኜ ያመላለስኩት እኔ ውሳኔውን የሰማሁት ከወላጆች የቴሌግራም ገጽ ነው፤ ያውም ከመደብሩ የቅናሽ ኩፖን ጋር ተያይዞ።

መጀመሪያ የመጠኑን ነገር ላንሳ፤ ከሁሉም ያቃጠለኝ እሱ ነው።

28ቱም ጊታሮች አንድ ዓይነት ናቸው። ቅናሽ የሚገኘው አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት ሲታዘዝ ነው ተብሎ ነው አሉ። ሁሉም የአዋቂ መጠን፣ ሆዳቸው ሰፊ፣ ክራቸው ብረት። የክፍሉ ተማሪዎች ግን ከሰባት እስከ ዐሥራ ሦስት ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። የአዋቂ ጊታር ክር ከአንገቱ ጫፍ እስከ በርኩማው ድረስ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። (ፈረንጆቹ ድልድይ ይሉታል፤ በክራርና በበገና ስሙ በርኩማ ነውና እኔም በዚያው እጠራዋለሁ።) ለሰባትና ለስምንት ዓመት ልጅ የሚስማማው 53 ያህል፣ ለዘጠኝና ለዐሥር ዓመት ደግሞ 58 ያህል ነው። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ጥቂት ጣት ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ግን የመጀመሪያው ፍሬት (በአንገቱ ላይ አግድም ከተሰኩት ቀጫጭን ብረቶች የመጀመሪያው) ላይ ለመድረስ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ዘርግታ፣ አገጯን ጊታሩ ጠርዝ ላይ አስደግፋ ነው የምትጫወተው። በዚያ ላይ የብረት ክር አለ። ስድስቱ የብረት ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ በአንድነት ወደ 70 ኪሎ የሚጠጋ ጉልበት ይስባሉ፤ የናይሎኖቹ ከዚያ ግማሽ ያህል ነው። ልጅ በናይሎን ይጀምራል የምንለው ወግ አጥባቂዎች ስለሆንን አይደለም።

በኅዳር ወር አንዲት እናት ልጇን ይዛ ወደ ሱቁ መጣች። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው። ጊታሩን ከእናቷ እጅ ስቀበል ልጅቷ የግራ እጇን ከኋላዋ ደበቀች። «አሳዪው» አለቻት እናቷ። የጣቶቿ ጫፍ ቀልቷል፣ የሁለቱ ቆዳ ተነስቷል። ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩና የብረት ማስመሪያዬን ዐሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ አቆምኩ፤ ወፍራሙ ክር ከፍሬቱ 4.5 ሚሊ ሜትር ርቋል። መሆን የሚገባው 2.4 ገደማ ነው፤ ቀጭኑ ደግሞ 1.6። ቀጥሎ ክሩን ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጭኜ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ የቀረውን ክፍተት አየሁ። እዚያ ስስ ወረቀት በጭንቅ ማለፍ አለበት። እኔ የመንጃ ፈቃዴን አሳለፍኩበት።

ይህ የተበላሸ ጊታር አይደለም። ከፋብሪካ እንዲሁ ነው የሚመጣው። ርካሽ ጊታር ከፋብሪካው ሲወጣ ክሩ ከፍ ተደርጎ ነው፤ ዝቅ ካለ ይንጫጫል፣ የተንጫጫ ደግሞ ተመላሽ ይሆናል። ከፍ ያለው ግን ቅሬታ አያስነሳም፤ ገዢው ጀማሪ ስለሆነ ጥፋቱን በራሱ ጣት ላይ ያሳብባል። ከፋብሪካና ከልጁ ጣት መካከል አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያስተካክለው ይገባል። በትንሽ ሱቅ ያ ሰው ከመጋረጃው ጀርባ አለ። እናንተ ባዘዛችሁበት መንገድ ግን ካርቶኑ ከመጋዘን ወጥቶ በቀጥታ ማዕከሉ በር ላይ ነው የወረደው፤ መሐል ላይ ማንም አልከፈተውም።

ክሮቹን ፈታሁ፤ የአንገቱን ጫፍ ቦዮች በቀጭን ሞረድ ዝቅ አደረግኩ፤ በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ ሩብ ዙር አጠበቅኩ፤ የበርኩማውን አጥንት ከታች በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፤ ቀጠን ያሉ ክሮች ገጠምኩና ቃኘሁ። ሃምሳ ደቂቃ ወሰደብኝ። ልጅቷ ተቀብላ አንድ ጊዜ ነካችውና ቀና ብላ እናቷን አየቻት። እናትየው «ስንት ነው ወንድሜ?» አለችኝ። ዋጋችን 70 ዶላር ነው አልኳት። «ጊታሩ ራሱ እኮ 129 ነው!» ብላ ደነገጠች። እውነቷን ነው። ገንዘቡን አልተቀበልኩም፤ ልጅቷ ፊት አልሆነልኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን በቴሌግራሙ ገጽ ላይ «እዚያ ሱቅ በነጻ ይሠሩላችኋል» የሚል መልእክት ይዞራል። እስከ ገና ድረስ ዘጠኝ ጊታሮች በዚህ መንገድ መጥተው ሠርቻለሁ። ለሱቁ ባለቤት የሰዓቱን ሒሳብ ከደመወዜ እንዲቀንስ ነገርኩት፤ ሽማግሌው አልቀነሰም፣ ግን ተነፈሰ። አተነፋፈሱን አውቀዋለሁ።

የጣቱስ ሕመም ይታያል። የማይታየው ደግሞ ጆሮ ነው። የቅዳሜው አዲስ አስተማሪ «ልጆቹ ጆሮ የላቸውም፤ ትዝታን እንኳ ይስታሉ» ማለቱን ሰምቻለሁ። አስተማሪው ቅን ሰው ነው፣ ግን ተሳስቷል። ክሩ ከፍ ያለ ጊታር ላይ ጣት ክሩን እስከ ፍሬቱ ለመጫን ሲገፋው ክሩ ይለጠጣል፣ ድምፁም ከሚገባው በላይ ይወጣል። ልጁ ቦታውን በትክክል ይዟል፤ የሚሳሳተው ጊታሩ ነው። በትዝታ ቅኝት በኖታዎቹ መካከል ሰፋ ሰፋ ያለ ርቀት ስላለ ስሕተቱ ትንሽ ይሸፈናል። አንቺሆዬ በሚባለው ቅኝት ላይ ግን ኖታዎቹ በግማሽ ድምፅ የሚጠጋጉበት ቦታ አለና ወዲያው ይጋለጣል። እኔ ጊታር ሠርቼ ስጨርስ የምፈትነው በአንቺሆዬ የሆነውም ለዚህ ነው። ከዘጠኙ ጊታሮች ሳላስተካክላቸው በፊት አንቺሆዬን በንጹሕ ያወጣ አንድም አልነበረም። እስከ ገና ዐሥራ አንድ ልጆች ክፍሉን ትተዋል። በመዝገብ ላይ «ፍላጎት በማጣት» ተብሎ ተጽፏል መባሉን ሰማሁ። በዚያ ቃል አልስማማም።

ሁለተኛ፣ ዋጋ። ኮሚቴው ለወላጆች በላከው ማስታወቂያ «ገንዘባችሁን ለማዳን» ይላል። የገዛችሁት ጊታር ያው ምልክት፣ ያው ሞዴል በእኛ ሱቅ መስኮት ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ የተለጠፈበትም ዋጋ 129 ዶላር ነው። ይህ በአጋጣሚ አይደለም። አብዛኞቹ አምራቾች ሻጮች በማስታወቂያ ላይ ሊያወጡት የሚችሉትን ዝቅተኛ ዋጋ ራሳቸው ይወስናሉ፤ በመላው አገሪቱ አንድ ጊታር አንድ ዋጋ ተጽፎበት የምታዩት ለዚህ ነው። ደንቡ የሚገዛው ማስታወቂያውን እንጂ ባንኮኒ ላይ ቆመን የምንነጋገረውን አይደለም። ገብታችሁ «28 ብንወስድ ስንት ታደርጉልናላችሁ?» ብትሉ ኖሮ ቅናሽ ታገኙ ነበር፤ ሽማግሌውን ስለማውቀው ነው የምናገረው። በኢንተርኔት ሲገዛ ግብር አይከፈልም የሚለውም አሮጌ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክልሎች ከሩቅ ሻጮችም ግብር እንዲሰበስቡ ፈቅዷል፤ የሜሪላንድ 6 በመቶ ከየትም ብትገዙ ያገኛችኋል።

ለዋስትናው የከፈላችሁት 560 ዶላር ደግሞ በጣም ያሳዝናል። በትልልቆቹ መደብሮች ሻጩ ዋስትና እንዲያክል ይገፋፋል፤ ያ የሻጩ ጥፋት አይደለም፣ አለቃው የሚቆጥርበት ነገር ነው። በ560 ዶላር በእኛ ሙሉ ዋጋ እንኳ ስምንት ጊታሮች ይስተካከሉ ነበር። ዋስትናው ምን እንደሸፈነ ቀጥዬ እነግራችኋለሁ።

ጊታሮቹ ነሐሴ ላይ መጥተው ክፍሉ እስኪከፈት ድረስ ካርቶናቸው ሳይከፈት በማዕከሉ ምድር ቤት ተቀመጡ። የመመለሻው ጊዜ እዚያው አለፈ። የተቀመጡበት ቦታ ማሞቂያው ማሽን አጠገብ ነው። ኅዳር ላይ ማሞቂያው ተለኮሰ። ጊታር እንጨት ነው፤ ለእንጨት የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ሲሆን ነው። በዚህ ከተማ በብርዱ ወራት ማሞቂያ የሚሠራበት ክፍል ከ30 በታች ይወርዳል። እንጨቱ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ የፍሬቶቹ ጫፎች ግን ብረት ናቸውና አይሸማቀቁም፤ ስለዚህ ከአንገቱ ጎን ወጥተው እጅ ይቧጥጣሉ። ከዚያ ሲብስ የሆዱ ፊት ይሰነጠቃል። በታኅሣሥ ወር ውስጥ ሦስት ጊታሮች ተሰነጠቁ። ወደ መደብሩ ሲወሰዱ የተሰጠው መልስ በእርጥበት ማነስ የደረሰ ጉዳት በዋስትናው አይሸፈንም የሚል ነው። አይገርመኝም፤ አምራቾቹም በአብዛኛው የሚጽፉት እንዲሁ ነው። እኛ በኪራይ ዘመን ኅዳር ሲገባ በየጊታሩ ሆድ ውስጥ ቀዳዳ ባለው የሳሙና መያዣ የረጠበ ስፖንጅ እናስገባ ነበር። ወጪው ሁለት ዶላር አይሞላም። ያንን የሚያስታውስ ሰው ከስብሰባችሁ ላይ አልነበረም፤ አልተጠራማ።

ሦስተኛው ቅሬታ ወላጆችንና የባንድ ልጆቻችንን ይመለከታል። ኩፖኑ ከተላከ ወዲህ በየሳምንቱ የማየው ነገር አለ። ሰው ይገባል፣ አንድ ሰዓት ይቀመጣል፤ ይህ ለልጄ ይሆናል ወይ፣ ያኛው ድምፁ ለምን ይለያል፣ አንገቱ ቀጭን የሆነው የትኛው ነው ብሎ ይጠይቃል። አራት ጊታር አወርዳለሁ፣ እቃኛለሁ፣ እጫወታለሁ። በመጨረሻ «ይሄ ነው!» ይላል። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የዋጋ ወረቀቱን ፎቶ ያነሳና «ልመለስ» ብሎ ይወጣል። ባለፈው ወር አንዱ ለመውጣት እንኳ አልታገሠም፤ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ ዓይኔ እያየ፣ በኩፖኑ ከመደብሩ አዘዘ። ከዚያም «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ በጣም ረዳኸኝ» ብሎ እጄን ጨበጠ። ቅን ሰው ነው፣ ቅያሜም የለኝም። ግን የእኔ አንድ ሰዓት ከየት እንደተከፈለ ጠይቆ አያውቅም።

ትክክለኛውን መናገር ካለብኝ ለትልልቆቹ መደብሮችም የማልክደው ነገር አለ። እዚህ አገር በገባሁበት ዓመት፣ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ በምሠራበት ጊዜ፣ ያጽናናኝ የነበረው አንድ ትልቅ መደብር ነው። በእረፍት ቀኔ እገባና ዋጋው የስድስት ወር የቤት ኪራዬን የሚያህል ጊታር አውርጄ ሦስት ሰዓት እጫወት ነበር። ማንም ምን ትፈልጋለህ አላለኝም። በአንዳንድ ትናንሽ ሱቆች ግን «ሳይጠይቁ አይንኩ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ፣ ባለቤቱ ከመነጽሩ በላይ አፍጥጦ፣ ጥቁር ሰው ሲገባ ከወንበሩ የሚነሳበት ነበር። ያንን አልረሳሁም። በክፍያ ማራዘሚያም ትልልቆቹ ይሻላሉ፤ ብዙ የባንድ ልጆች የመጀመሪያ ኪቦርዳቸውን በወር በወር እየከፈሉ ያገኙት ከእነሱ ነው። አዋቂ ሆኖ የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው ከፈለገበት ይግዛ። የእኔ ክርክር ስለ ልጆች፣ ስለ ማዕከሉ ገንዘብና ከተገዛ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ነው።

ከኮሚቴው አባላት አንዱ «ትልቅ ድርጅት አስተማማኝ ነው፣ ትንሽ ሱቅ ነገ ሊዘጋ ይችላል» ብለዋል አሉ። ሊዘጋ ይችላል፤ እናንተ ከወጣችሁበት ደግሞ ቶሎ ይዘጋል። ትልቅነት ግን ዋስትና አይደለም። ሳም አሽ የሚባለው ባለብዙ ቅርንጫፍ የሙዚቃ መደብር እ.ኤ.አ. በ1924 በብሩክሊን በአንዲት ሱቅ ተጀምሮ በብዙ ክልሎች ተስፋፍቶ ነበር፤ ልክ በመቶኛ ዓመቱ፣ በ2024፣ ቅርንጫፎቹን ሁሉ ዘጋ። በሌላ በኩል እዚሁ አጠገባችን በሜሪላንድ ዊተን ያለውን የቹክ ሌቪንን የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1958 በዋሽንግተን ኤች ስትሪት ላይ ተከፈተ፤ በ1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ በኋላ በተነሳው ረብሻ ወደመ፤ ወደ ሜሪላንድ ተሻግሮ እንደገና ቆመ፤ እስከ ዛሬም በቤተሰቡ እጅ ነው። እሱ ራሱ አሁን ትንሽ አይባልም፤ ለእኔ ሱቅም ተፎካካሪ ነው። ነገር ግን ቤቱ አንድ ነው፣ በሩ አንድ ነው፤ የተናደደ ገዢ ሄዶ የሚቆምበት ቦታ አለው። ልዩነቱን እዚያ ላይ ፈልጉት።

ትንሽ ሱቅ ለእኛ ምን እንደሆነም አንዳንዶቻችሁ ረስታችኋል፤ ገሚሶቻችሁ ደግሞ አታውቁም። የአዲስ አበባው ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ለትርኢት አሜሪካ መጥቶ ከአባላቱ አንዳንዶቹ እዚሁ ዋሽንግተን ቀሩ። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ በሰልፍ መጠበቂያ ሰዓቱ ይለማመድ ነበር። የዚህ ከተማ ሙዚቃችን የቆየው እንደዚያ ነው፤ በተረፈ ሰዓት፣ በተጠገነ መሣሪያ። ከሃያ ዓመት በፊት በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ አዳራሽ እንጫወት ነበር። ቅዳሜ ከቀኑ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሰው መግባት ሲጀምር፣ የቤዙ አምፕሊፋየር ጭስ አውጥቶ ሞተ። ትልቁ መደብር ክፍት ነበር፤ ለኪራይ የዕቃውን ሙሉ ዋጋ በክሬዲት ካርድ አስይዙ አለን። ከስድስታችን አንዳችንም ያን ያህል ገንዘብ የሚሸከም ካርድ አልነበረንም። ሽማግሌው ሱቁን ከዘጋ አንድ ሰዓት ሆኖታል። ቤቱ ደወልኩ። በነጠላ ጫማ መጥቶ ከፈተልን። የክር ፓኬት ጀርባ ላይ «አንድ የቤዝ አምፕሊፋየር፣ እስከ ሰኞ» ብሎ ጻፈና ኪሱ ከተተው። ፊርማ እንኳ አልጠየቀም። በማዕከሉ የመጀመሪያ ዓመትም የኪራይ ውሉን ያለ ወረቀት በቃል የተስማማው ይኸው ሰው ነው። ኪራዩን ስታቋርጡ በስልክ እንኳ አልነገራችሁትም።

እንግዲህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

28ቱም ጊታሮች በአንድ ቅዳሜ ወደ ማዕከሉ አዳራሽ ይሰብሰቡ። እኛ አምስታችን መሣሪያችንን ይዘን እንመጣና አንድ ጊዜ በነጻ እናስተካክላቸዋለን፤ የተሰነጠቁትን ሦስቱንም እናጣብቃለን። ኮሚቴው ቀጫጭን ክሮችና የእርጥበት መያዣዎች ብቻ ይግዛ፤ ዝርዝሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በእጅ ሰጥቻለሁ። ከዚያ በኋላ ጊታሮቹ ከምድር ቤት ወጥተው ከማሞቂያ ራቅ ባለ ክፍል ይቀመጡ።

ከጊታሮቹ ለአዋቂና ለትልልቆቹ ልጆች የሚበቁት በማዕከሉ ይቆዩ፣ የተረፉት ለአባላት ይሸጡ። በተገኘው ገንዘብ ለትንንሾቹ በመጠናቸው ባለናይሎን ጊታር ይገዛ ወይም ይከራይ። ከእኛ ሱቅ ካልሆነ ከሌላ ትንሽ ሱቅ ይሁን፤ ግድ የለኝም። ግን ልጆቹ ራሳቸው ሄደው ታቅፈው ይሞክሩት።

ትተው የሄዱት የዐሥራ አንዱ ልጆች ወላጆች በስልክ ይጠሩ። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው «ፍላጎት በማጣት» ይሰረዝ፤ ልጆቹም ጥፋቱ የጊታሩ እንደነበር ይነገራቸው። ይህን ከሁሉ በላይ እለምናለሁ።

ከእንግዲህ ማዕከሉ መሣሪያ ሲገዛ በስብሰባው ላይ አንድ የሚያስተምር ወይም የሚጠግን ሰው ይገኝ። ድምፅ መስጠት ባይችል እንኳ ይጠየቅ።

የቅናሽ ኩፖኑ ከቴሌግራሙ ገጽ ይነሳ፤ ማዕከሉ የማንም ነጋዴ አሻሻጭ አይደለም፣ የእኛም ጭምር። «በነጻ ይሠሩላችኋል» የሚለውም መልእክት አብሮ ይነሳ።

ወላጆች ሆይ፣ ሱቅ ገብታችሁ ጠይቁ፣ ሞክሩ፣ ሳትገዙም ውጡ፤ ቅር አይለንም። ከሌላ ቦታ የተገዛ ጊታር ይዛችሁ ስትመጡም በክብር እንቀበላችኋለን። የሥራውን ዋጋ ግን ከጊታሩ ዋጋ ጋር አታወዳድሩት። በእኛም በኩል ጥፋት አለ፤ የጥገና ዋጋችንን በግልጽ አንለጥፍም፣ ሰው ባንኮኒ ላይ ደርሶ ነው የሚደነግጠው። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በሩ ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንለጥፋለን።

ክፍሉ ከእረፍት የሚመለሰው የካቲት መጀመሪያ ላይ ስለሆነ መልሳችሁን ከዚያ በፊት ብናገኝ ደስ ይለናል። ለጥገናው ቅዳሜ ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት መድረስ እንችላለን፤ አዳራሹን የሚከፍትልን ሰውና ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች ይበቁናል።

ከአክብሮት ጋር፣

የጊታር ጠጋኝ፣ የቅዳሜው የጊታር ክፍል የቀድሞ አስተማሪ
በዋሽንግተን አካባቢ በትናንሽ የጊታር ሱቆች ስለሚሠሩ አምስት ኢትዮጵያውያን ጠጋኞችና አስተማሪዎች

ጥር 2018 ዓ.ም.